ድንኳን የማይተከልበት ደጅ

ደጃችን ላይ የቆመው መብራት ቀንና ሌሊቱን አንድ አድርጎታል። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ «ሰውዬው ሁሉን ነገር ጠልቶ ነው» እንዳልባል። አቧራው ጠፍቷል። ክረምት በገባ ቁጥር ጫማችንን ሲያስቀርብን የኖረው ጭቃ ጠፍቷል። ከሸዋ በር ሚኒባስ ማቆሚያ እስከ ቤታችን ያለው መንገድ በግራጫና በቀይ ንጣፍ ተለብጦ፣ ሰው በነጭ ጫማ ይሄድበታል። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ የሚውል ሰው ንጹሕ መንገድ አይጠላም። እኔ የጠላሁት ሌላ ነው። እሱን ሳወራ ደግሞ ድምፄ ከፍ ይላል፤ ባለቤቴም «ቀስ በል፣ ግፊትህ ይነሳል» ትለኛለች። ይነሳ።

ከቤታችን ፊት ለፊት ሜዳ ነበር። የረባ ስም እንኳን የለውም፣ «ሜዳው» ነው የምንለው። ዙሪያውን ቤት ከቦታል፤ አንዱ ጥግ ላይ የእድራችን ዕቃ ቤት አለ። በአዘቦቱ ቀን ልጆች ኳስ ያሳድዱበታል፣ ፍየል ይተኛበታል፣ ሴቶች በርበሬ ያሰጡበታል። ሰው የሞተ ዕለት ግን ድንኳን ይተከልበታል። ቅድመ አያቴ ሐረር መጥተው ከጀጎል ግንብ ውጭ ቤት ከሠሩ ወዲህ ከቤታችን የሞተ ሁሉ የተለቀሰለት እዚያ ነው፤ አያቴም፣ አባቴም፣ በልጅነቷ የተቀጠፈችው እህቴም። ሠርግም ሲመጣ እዚያው ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጅ ሲድሩ ድንኳናችንን እንሰጣቸዋለን፣ እነሱ ደግሞ ድስታቸውን ይሰጡናል። እንዲህ ነው የኖርነው።

እኔ የእድሩ ዕቃ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስላችሁ ትልቅ ሹመት እንዳይመስላችሁ፣ ቁልፍ ያዥ ማለት ነው። ድንኳኑ፣ ቋሚው፣ ካስማው፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ በእኔ እጅ ነው። ሞት ሲነገረኝ የያዝኩትን ጎማ ጥዬ እሮጣለሁ፤ ሬሳ ከቤት ሳይወጣ ድንኳኑ መቆም አለበት። እኛ ዘንድ ድንኳን የፀሐይ መከለያ ብቻ አይደለም፣ መርዶ ነጋሪም ነው። ከሩቅ የሚመጣ ሰው የት ነው ብሎ አይጠይቅም። ድንኳኑን ያያል፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይለብሳል፣ ለቅሶውን ከመንገዱ ዳር ይጀምራል። ድንኳኑ ከሌለ ደግሞ ወሬው ውሸት ነው ማለት ነው፤ ፈጣሪውን አመስግኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እናቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እግሯ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግፈን እናወጣትና በራፉ ላይ እናስቀምጣታለን፤ እሷም እዚያ ሆና ሜዳውን ስትጠብቅ ትውላለች። ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ የማን ፍየል የማንን በርበሬ ረገጠች፣ ከእሷ የሚያመልጥ ነገር የለም። ምላሷ እንደ ምላጭ ነበር። «ዛሬም ደግሞ ያቺን ቁምጣ ነው የለበስካት?» ትለኛለች፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝን ሰውዬ፣ መንገደኛ እየሰማ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ውጭ ካለው ከሶፊ አንዲት ወዳጇ ይመጣሉ። ገበሬ ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው፤ ኦሮሞው ትልቅ ሴት በሚጠራበት ስም እኛም አዴ እንላቸዋለን። ዘይቱንና ጊሽጣ ሸዋ በር ገበያ አውርደው ይሸጡና ቅርጫታቸው ሲቀልል ወደ እኛ ነው። ትውውቃቸው ከወጣትነት ነው። አዴ ገበያ መሀል ምጥ ይዟቸው እናቴ ቤቷ አስገብታ አዋለደቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ እህትማማች ናቸው። አንዷ የሌላዋን ሥጋ አትበላም፣ ከዚያ በቀር ያልተካፈሉት ነገር የለም። በራፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰው ሲያሙ ይውላሉ፤ አዴ መሀል ላይ «አስተግፊሩላህ» ይላሉ፣ ከዚያ ሐሜቱ ይቀጥላል።

ሰፈሩን የቀየረው የልማት ሥራ ወሬ መጀመሪያ የመጣው በሌላ መልክ ነው። «ቤት ሊፈርስ ነው» ተባለ። ሚኒባስ ውስጥ ተወራ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተወራ፣ እኔ ጎሚስታ ቤትም ተወራ። ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው በየአጥራችን ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ፤ ቀዩ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን ጠፋ። አንዱ ጎረቤቴ «ሌላ ሰው ከሚወስደው» ብሎ የገዛ ጣሪያውን ቆርቆሮ ነቅሎ ሸጠ። ሌላዋ ዕቃዋን ሁሉ በአንሶላ ቋጥራ አልጋው ላይ ከምራ፣ እሷ ወለል ላይ ትተኛ ጀመር። እንዲህ በሰቀቀን ከርመን ስብሰባ ተጠራን።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሸሚዙን አሳምሮ የተኮሰ አንድ ባለሙያ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ ያሳየን ጀመር። ሥዕሉ የእኛ ሰፈር ነው፣ እኛ ግን የለንበትም። ሣር አለ፣ መብራት አለ፣ ውሻ በገመድ ይዞ የሚናፈስ ሰው ሁሉ አለ። እኔ ሐረር ተወልጄ እዚሁ ሸብቼ ውሻ ሊያናፍስ የወጣ ሰው አላየሁም፤ እዚህ አገር የምናውቀው ጅብ የሚያበላ ነው። «ቤታችሁ አይነካም» አለ ባለሙያው። «የሚነካው ከአጥራችሁ ጥቂት ወደ ውስጥ ነው። ከዚያ ደግሞ ይኼ ባዶ ቦታ።» በእጁ በያዘው ቀይ ብርሃን ሜዳውን ከበበው።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

እስከ ዛሬ ሳስበው አንጀቴ የሚያረው እዚህ ላይ ነው። እሱስ ባዶ ቢል አይፈረድበትም፣ ሰፈሩን አያውቀውም፤ ለእሱ ግድግዳ የሌለው ሁሉ ባዶ ነው። እኛ ግን አጨበጨብን። የእድሩ ሊቀመንበር፣ የእናት የአባታቸውን ለቅሶ እዚያ ሜዳ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ፣ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ያቺ ወለል ላይ የምትተኛው ጎረቤቴ እልል አለች። ቤት ተረፈልን ብለን የምናለቅስበትን አስረከብን። ለወራት በወሬ ሲያቁላሉን ከርመው ትንሽ ሲወስዱብን፣ የወሰዱብንን ሳይሆን ያስቀሩልንን ቆጥረን እጅ ነሣን። ይህን ያህል ሞኝነት ከየት አመጣነው? እኔ እንጃ።

እጄን አወጣሁና ድምፅ ማጉያውን ሰጡኝ። «ቦታው ባዶ አይደለም» አልኩ። «የምናለቅስበት ነው።»

ከኋላዬ የሆነ ሰው ሳቀ። ባለሙያው ግን አልሳቀም፣ ጨዋ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ለእሱማ ዘመናዊ አዳራሽ ታስቦላችኋል» አለኝ። «ወደ ሐኪም ጋራ መውጫው ላይ። ወንበር አለው፣ ድምፅ ማጉያ አለው፣ መጸዳጃ አለው።»

«አቀበቱን ማን ይወጣዋል? አሮጊቶቹን አንተ ታዝላቸዋለህ?»

«ትራንስፖርት አለ፣ ጋሼ።»

መናገሬን ልቀጥል ስል ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ወስደው ለሌላ ሰው ሰጡት። ያ ሰው ከልብ አመስግኖ ተቀመጠ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት።

«እና አጨበጨባችሁ» አለች።

«እኔ አላጨበጨብኩም።»

«ድንኳኔን የት ልትተክልልኝ ነው?»

«እማዬ ደግሞ፣ ምን አስቸኮለሽ?»

«የጠየቅኩህን መልስ። የአገሩን ሰው ሁሉ ተክለህ፣ የእኔን የት ልታደርገው ነው?»

ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክዬላት ወጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ጥያቄዋ እኔው ላይ ተጣበቀ። ጎማ እየነፋሁ አስበዋለሁ፣ ምሳ እየበላሁ አስበዋለሁ። እናቴ ሌላ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ወርቅ አላማራት፣ ኢየሩሳሌም አላማራት። በደጇ እንዲለቀስላት ብቻ ነው የፈለገችው፤ ከእሷ በፊት ለነበሩት ሁሉ እንደተለቀሰው።

ማሽኖቹ መጥተው ሥራው ተጀመረ። መቼም ሲሠሩ ለጉድ ነው። ሜዳውን ቆፍረው ደለደሉት፣ ዳር ዳሩን ንጣፍ፣ መሀሉን ሣር አለበሱት፣ ዙሪያውን በዝቅተኛ የብረት አጥር ከበቡት፣ አግዳሚ ወንበርና መብራት ተከሉበት። የእድሩን ዕቃ ቤት አፈረሱት፤ ድንኳኑንና ድስቱን እኔ ጎሚስታ ቤት ውስጥ ከጎማ ጋር አጨቅኩት። የእኛንም አጥር ወደ ውስጥ ገፉት፤ ማድ ቤቱ ሄደ፣ ግቢ የምንለው ነገር ሄዶ ከቤቱ በር እስከ አዲሱ ግንብ ድረስ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፍበት መተላለፊያ ቀረ። እዚያ ውስጥ ድንኳን ቀርቶ ጃንጥላም በወጉ አይዘረጋ።

መብራቱ መጀመሪያ የበራ ማታ እናቴን በራፉ ላይ አስቀመጥናት። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ፎቶ ይነሳል። እሷ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየች።

«ያምራል» አለች። «ሰው ሞቶበት የማያውቅ አገር ይመስላል።»

በሳምንቱ ማስታወቂያ ተተከለ። ሣር መርገጥ ክልክል ነው። ማስጣት ክልክል ነው። ድንኳን መትከል ክልክል ነው። ድንኳን የሚለውን አንብቤ በቀጥታ ማስታወቂያውን ወዳወጣው የማዘጋጃ ቤት ቢሮ ሄድኩ። እዚያ የተቀመጠው ኃላፊ ጎልማሳ ነው፣ አነጋገሩም ለስላሳ ነው። እኔ ደግሞ ለስላሳ ሰው ሲያናግረኝ ይብስብኛል።

«ካስማው ንጣፉን ይሰብረዋል» አለኝ። «የመንግሥት ንብረት ነው። ብዙ ወጪ ወጥቶበታል።»

ልክ ነው፣ ካስማ ንጣፍ ይሰብራል። እኔ የድንኳን ሰው ስለሆንኩ ይገባኛል። ወደ ጎሚስታ ቤት ተመለስኩና የተጣሉ የጭነት መኪና ጎማዎች ሰበሰብኩ። እያንዳንዱ ጎማ መሀል ቱቦ አቁሜ ዙሪያውን በሲሚንቶ ሞላሁት። ሲደርቅ የድንኳኑን ቋሚ ቱቦው ውስጥ መክተት ብቻ ነው፤ ገመዱንም እዚያው ጎማ ላይ ታስራለህ። ካስማ የለ፣ ቁፋሮ የለ፣ ንጣፉ ላይ ጭረት እንኳን የለ። ነፋስ ባለበት ቀን ሞከርኩት፣ ንቅንቅ አላለም። አንዱን ጎማ ባጃጅ ላይ ጭኜ ቢሮው ደጅ ድረስ ወሰድኩለት።

ኃላፊው ወጥቶ አየው፣ ዞረው፣ በእግሩ ገፋ አደረገው። «ጎበዝ ነህ» አለኝ። «እውነቴን ነው፣ ጥሩ ፈጠራ ነው።»

«እንግዲህ ፈቃድ ስጠኝ። እናቴ አሮጊት ናት፣ ታማለች። ለእሷ ብቻ። እስከ ሠልስቷ።»

«እሱ እንኳን ይቸግራል።»

«ካስማ አልከኝ፣ ካስማውን አስቀረሁ። አሁን ምን ቀረ?»

ዞር ብሎ በሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ወንድም፣ «የከተማውን ገጽታ ያበላሻል» አለኝ። «እንግዳ ይመጣል፣ ጎብኚ ይመጣል። ዋናው መግቢያ ላይ ድንኳን፣ ልቅሶ፣ ደረት የሚመታ ሰው። ይገባሃል አይደል?»

አይገባኝም አልኩት። ሐረር ሰው አይሞትም ወይ አልኩት። ጎብኚውስ ቢሆን አገሩ ሰው አይሞትበትም ወይ። ያንተ እናት ስትሞት ገጽታ እንዳታበላሽ የት ልትደብቃት ነው አልኩት። እዚህ ላይ አበዛሁት መሰል ዘበኛው ክንዴን ያዘኝ። ጎማዬን መልሼ ባጃጅ ላይ ጫንኩና ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን እየተሳደብኩ ነበር፤ ባለ ባጃጁ እሱን የምሰድበው መስሎት ዞር እያለ ያየኛል።

እናቴ ያረፈችው በዚያው ዓመት፣ አንድ ቀን ማለዳ ላይ ነው። ሳትሠቃይ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ። ከልማድ የተነሣ የመጀመሪያ ሐሳቤ ቁልፉ ነበር፤ ተነስቼ ወደ ጎሚስታ ቤት መሮጥ ጀምሬ መንገዱ መሀል ላይ ቆምኩ። የስንቱን ሰው ድንኳን ስተክል ኖሬ የእናቴን የምተክልበት ስንዝር መሬት አልነበረኝም። እዚያው ንጣፉ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከጎኔ አንዲት ልጅ በስልኳ ራሷን ፎቶ ታነሳለች።

ከቀብር መልስ አቀበቱን ወጥተን አዳራሹ ገባን። ጣሪያው ላይ የትናንቱ ምርቃት ፊኛ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ ግድግዳው ላይ «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚል ጨርቅ ነበር፤ እሱን ወንበር ላይ ቆሜ በገዛ እጄ ቀደድኩት። አሮጊቶቹ ግማሾቹ አልደረሱም። የደረሱትም ትንፋሻቸው አልቆ ለማልቀስ እንኳን አቅም አጡ። ሊቀመንበሩ አጠገቤ ተቀምጠው «ቦታው ምቹ ነው» አሉኝ። የቀደድኩትን ጨርቅ አጣጥፌ ወንበሬ ስር አስገባሁት።

ለአዴ ወደ ሶፊ በሚሄድ ሚኒባስ መርዶ ልከን ነበር። «ሞታለች በሏቸው» አልን፣ በቃ። አዳራሹ የት እንደሆነ መንገር ማንኛችንም አላሰብንም። ሞት ስንናገር ቦታ ጨምረን መናገር ልማዳችን አይደለም፤ ቦታው ይታወቃላ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ለሚያድሩ እንግዶች ብርድ ልብስ ላመጣ ወደ ቤት ወረድኩ። የግቢው በር ተከፍቷል። ከውስጥ የአዴ ድምፅ ይሰማል፤ እየሳቁ ነው የሚያወሩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ የት ተደበቅሽ?» ይላሉ።

ገባሁ። አዴ ቅርጫታቸውን እናቴ አልጋ አጠገብ አስቀምጠው፣ አልጋው ላይ ያለውን ጋቢ እያጠፉ ነበር። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ይኼን ውሸታም ሹፌር ወላሂ አልለቀውም። ሞተች አለኝ እኮ። ከሶፊ እስከ ሸዋ በር መኪናው ውስጥ ሳለቅስ መጣሁ። እዚህ ድረስ ሰው ደግፎኝ ነው የደረስኩት። ብቅ ስል ድንኳን የለ፣ ምን የለ። ሰዉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስቃል። እዚያው ቆሜ ዱዓ አደረግኩ። የት አባቷ ሄዳ ነው? ሐኪም ቤት ነው? በእግሯ ነው የሄደችው?»

እኔ ብዙ መርዶ አርድቻለሁ። እንዲህ ያለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም፤ አንዴ ሰምተው፣ አልቅሰው፣ ከዚያ ደስ ብሏቸው፣ እንደገና መንገር። የእናቴን ሞት ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳረዳ ያደረጉኝን ሰዎች በሆዴ ረገምኩ። ያን ለስላሳ አነጋገር፣ ያን ቀይ ብርሃን፣ ያን ጭብጨባ።

«አዴ» አልኳቸው። «ትናንት ቀበርናት።»

ጋቢውን እንደያዙ ቆሙ። «ድንኳኑስ?»

«ከለከሉን።»

«ምን ብለው?»

«አያምርም ብለው።»

ቀስ ብለው ጋቢውን አልጋው ላይ መለሱት። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ከእኔ አልፈው ወጡ። ተከተልኳቸው። ሣሩ አጠገብ ሲደርሱ የብረቱን አጥር በእጃቸው ይዘው ወደ ውስጥ አዩ፤ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ።

«ታዲያ የት ሆኜ ላልቅስላት?» አሉኝ።

አዳራሽ አለ፣ ልውሰድዎት አልኳቸው። አቀበቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻሻቸውን ፈትተው በራፋችን ፊት ንጣፉ ላይ አነጠፉና ተቀመጡ፤ ያን ጊዜ ድምፃቸው ወጣ። መንገደኛው ቆመ። ወንበሩ ላይ የነበሩት ወጣቶች ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ።

ደንብ አስከባሪው መጣ። የደንብ ልብሱን የለበሰ ትልቅ ሰውዬ ነው። «እናቴ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም» አላቸው። «ወንበር አለ፣ እዚያ ይሂዱ።»

«ለቅሶ ላይ ናቸው፣ አትንካቸው» አልኩት። ቢነካቸው ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

ሰውዬው ደንገጥ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። እሱም የዚሁ አገር ሰው ነው። ድንኳኑን ፍለጋ ዞር ብሎ ወደ ሣሩ አየ፣ ወደ መንገዱ አየ፣ ወደ ግቢያችን አየ።

«ለቅሶው የታለ?» አለኝ።

«ይኸው» አልኩትና አዴ አጠገብ ንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።